የእርስዎ ደመወዝ ዘገየ፤ የባለቤትዎ ግን ቀረ

«በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለቤቴ ደግሞ እዚያው ዲሲ የመንግሥት ሕንፃ ለማጽዳት ኮንትራት በወሰደ የግል ድርጅት ውስጥ ይሠራል። በ2025 መንግሥት በተዘጋ ጊዜ ሁለታችንም ቤት ዋልን። እኔ ውዝፉ ተከፈለኝ፤ ለእሱ ግን ሰባራ ሳንቲም አልተከፈለውም። በዚያን ጊዜ ለቤት ኪራይና ለዕቁብ ብለን በክሬዲት ካርድ ያወጣነውን እስካሁን ከፍለን አልጨረስንም። አሁን ባለቤቴ ‹ከቲኤስፒ የጡረታ ቁጠባሽ አውጥተን እዳውን እንዝጋ፤ ለሚመጣውም መጠባበቂያ እንያዝ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ዕቁቡን አቋርጬ፣ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የምልከውንም ልቀንስ ወይ እያልኩ አወጣለሁ አወርዳለሁ። በዚያ ላይ ‹በሚቀጥለው ጊዜ ውዝፍ ላይከፈል ይችላል› ሲባል እሰማለሁ። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ስናነብ መጀመሪያ የታየን ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የተለያዩ ችግሮች መኖራቸው ነው። የእርስዎ ደመወዝ ዘግይቶም ቢሆን ገብቷል፤ የባለቤትዎ ግን እንደ ወጣ ቀርቷል። ሁለታችሁም በአንድ ቀን ቤት ስለዋላችሁና በአንድ ቀን ወደ ሥራ ስለተመለሳችሁ ጉዳቱም አንድ ዓይነት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ሕጉ ግን እናንተን የሚያየው ፈጽሞ በተለያየ ዓይን ነው። እዳው ያልተነሳላችሁም በእኛ ግምት የእርስዎ ውዝፍ የእሱን ጉድለት ጭምር እንዲሸፍን ስለተጠበቀበት ነው። ስለዚህ ለወደፊቱ የምታወጡት ዕቅድ መነሻ ማድረግ ያለበት የባለቤትዎን ገቢ መቋረጥ እንጂ የእርስዎን ደመወዝ መዘግየት አይደለም። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በቅድሚያ ስለ ውዝፉ፣ ምክንያቱም ወሬው ብዙ ሠራተኛ እንቅልፍ እንደሚነሳ እናውቃለን። የአሜሪካ መንግሥት የሚዘጋው ኮንግረስ ያልፈቀደውን ገንዘብ ማውጣትም ሆነ በመንግሥት ስም የክፍያ ግዴታ መግባት በሕግ ስለተከለከለ ነው። ሕጉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ቢሆንም መሥሪያ ቤቶች በጀት ሲያልቅ በር መዝጋት የጀመሩት በ1980 እና በ1981 የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ ጥብቅ ትርጓሜ ከሰጡት በኋላ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚለወጠው ኦክቶበር 1 ቀን ማለትም በእኛ መስከረም 21 ነው፤ የእንቁጣጣሽና የመስቀል ወጪ ኪሳችንን ባራገፈ ማግስት መሆኑ ለእኛ ቤት ጉዳዩን እንደሚያብሰው ሳንጠቅስ አናልፍም። በጀት ሳይጸድቅ ያ ቀን ከደረሰ ሠራተኛው በሁለት ወገን ይለያል፤ ሥራው ለሰው ሕይወትና ንብረት ጥበቃ አስፈላጊ ነው የተባለው ያለ ክፍያ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሌላው እንደ እርስዎ ፈርሎ ተደርጎ፣ ማለትም ያለ ክፍያ ከሥራ እንዲቆም ታዝዞ፣ ቤቱ ይቀመጣል። ለሁለቱም ወገን ውዝፍ እንዲከፈል የሚያዝዘው ሕግ የወጣው ለ35 ቀናት በቆየው የ2018/19 መዘጋት ወቅት፣ በጃንዋሪ 2019 ነው። ከዚያ በፊት በየጊዜው ውዝፍ ሲከፈል የኖረው ኮንግረስ እንደገና እየፈቀደ ነበር።

እርስዎ የሰሙት ወሬ ከየት እንደመጣም እንነግርዎታለን። በኦክቶበር 2025 ከዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ የወጣ ረቂቅ ማስታወሻ፣ የ2019ኙ ሕግ ፈርሎ ለተደረጉ ሠራተኞች በራሱ ክፍያ አያስገኝም፣ ኮንግረስ ገንዘቡን ለይቶ መፍቀድ አለበት የሚል ክርክር አንስቶ ነበር። ብዙ የሕግ ባለሙያዎችና የምክር ቤት አባላት ተቃወሙት። በመጨረሻም በኖቬምበር 12 የተፈረመው፣ መንግሥትን እንደገና የከፈተው ሕግ ውዝፉ እንዲከፈል በግልጽ ስለደነገገ ክርክሩ ፍርድ ሳያገኝ ታለፈ። በእኛ አስተያየት ሕጉ ከሠራተኛው ጎን ነው፤ እስከ ዛሬም በእነዚህ ረጅም መዘጋቶች ሁሉ ውዝፍ ሳይከፈል የቀረበት ጊዜ የለም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን ማንም አስቀድሞ ሊነግርዎ አይችልም፤ ቤት ውስጥ ጉዳት የሚያደርሰውም ይኸው የቀኑ አለመታወቅ ነው።

የ2025ቱን ያስታውሱ። መዘጋቱ 43 ቀናት ቆየ። አብዛኛው የፌዴራል ሠራተኛ በኦክቶበር አጋማሽ አካባቢ ያገኘው ቼክ ከመዘጋቱ በፊት የሠራበትን ቀን ብቻ የያዘ ጎዶሎ ቼክ ነበር፤ ቀጥሎ የነበሩት ሁለት ቼኮች ባዶ ሆኑ። ይህ ማለት ኪራዩ በወሩ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ እርስዎ በእጅዎ የነበረው አንድ ያልሞላ ክፍያ ነው። በኋላ ውዝፉ በአንድ ጊዜ ገባ፤ የካርዱ ወለድ ግን ያንን አልጠበቀም። ውዝፉ ሲገባም ያለፉት የጤና መድን መዋጮዎች አንድ ላይ ተቀንሰውበታል። የፌዴራል የጤና መድን መዋጮው ባይከፈልም በመዘጋቱ ጊዜ አይቋረጥም፤ ያልተከፈለው ድርሻዎ ግን ተጠራቅሞ ኋላ ከደመወዝዎ ይቆረጣል። ባለቤትዎና ልጆችዎ በእርስዎ መድን የሚታከሙ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነውና በሚቀጥለውም ጊዜ በዚህ በኩል አይስጉ። ያኔ የመጣልዎትን የደመወዝ ዝርዝር ካላዩት ግን አሁን አውጥተው ይመልከቱት፤ ብዙ ክፍያ በጥድፊያ ሲሠራ መዋጮ ሁለት ጊዜ መቆረጡ ወይም የፈቃድ ሰዓት በስህተት መያዙ ያጋጥማል፣ ስህተት ካለም የመሥሪያ ቤትዎ የሰው ኃይል ክፍል እንዲያስተካክልልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እንምጣ፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ እሳቸው የጻፉት ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ተቀጣሪ የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆነ የ2019ኙ የውዝፍ ሕግ አይመለከተውም። ከ2019 ጀምሮ ዝቅተኛ ደመወዝ ለሚያገኙ የኮንትራት ሠራተኞች፣ ለጽዳት፣ ለጥበቃና ለምግብ ቤት ሠራተኞች፣ ውዝፍ ይከፈል የሚል ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ በተደጋጋሚ ቀርቦ አልጸደቀም። አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሮው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሙሉ ደመወዙን ከነውዝፉ ሲቀበል፣ ያንኑ ቢሮ የሚያጸዳው ሰው ስድስት ሳምንት ባዶ እጁን መቅረቱ ፍትሐዊ አይደለም ብለን በግልጽ እንናገራለን፤ የሚያጸዱት አብዛኞቹ ስደተኞች መሆናቸውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገንም። ፍትሕ እስኪመጣ ድረስ ግን ባለቤትዎ የሚጠይቁት አንድ መብት አላቸው፤ ያንንም የተጠቀሙ አይመስለንም። እሱም የሥራ አጥ ድጎማ ነው።

የኮንትራት ሠራተኛ በመዘጋቱ ምክንያት ከሥራ ሲቆም፣ በራሱ ጥፋት አልቆመምና እንደ ማንኛውም የግል ድርጅት ሠራተኛ የሥራ አጥ ድጎማ ሊጠይቅ ይችላል። ማመልከቻው የሚቀርበው የሚኖሩበት ቦታ ሳይሆን ይሠሩበት የነበረው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ባለቤትዎ ሜሪላንድ ቢኖሩም የሚያመለክቱት ለዲሲ ነው። በዲሲ ከፍተኛው የሳምንት ክፍያ 444 ዶላር ነው፤ ሰው የሚያገኘው መጠን ቀድሞ በነበረው ገቢ ይወሰናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳቸው ውዝፍ ስለማይከፈላቸው የተቀበሉትን ድጎማ እንዲመልሱ አይጠየቁም፤ ታክስ ግን አለበት። በዚያን ጊዜ ለስድስቱ ሳምንታት ቢያመለክቱ ኖሮ ከካርዱ እዳ ላይ ቀላል የማይባል ገንዘብ ይቀነስ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ መዘጋቱ ይራዘማል አይራዘምም ብለው ሳይጠብቁ ሥራ በቆሙበት ሳምንት ያመልክቱ፤ ዘግይቶ ማመልከት ያለፉትን ሳምንታት ያስቀራል። ከወዲሁ የደመወዝ ደረሰኞቻቸውን በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ በተቋረጠ ጊዜም ከድርጅቱ «በመንግሥት መዘጋት ምክንያት ሥራ የለም» የሚል በጽሑፍ ይቀበሉ። ስልክ መልእክት ቢሆንም በቂ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ድርጅቱ ከመንግሥት ሕንፃ ሌላ የግል ሕንፃዎችንም የሚያጸዳ ከሆነ፣ ባለቤትዎ ኦገስት ላይ ኃላፊያቸውን «መንግሥት ቢዘጋ ወደ ሌላ ሕንፃ ልዛወር እችላለሁ ወይ» ብለው ይጠይቁ። ሴፕቴምበር 30 ሲደርስ ሁሉም ይጠይቃልና ቀድሞ የጠየቀ ይቀደማል። በዲሲ የብዙ ሕንፃ ጽዳት ሠራተኞች የታቀፉበት 32ቢጄ የተባለው የሠራተኞች ማኅበር አባል ከሆኑ ደግሞ የሥራ ውሉ ስለ ዕረፍት ክፍያና ስለ ዝውውር ምን እንደሚል የማኅበሩን ተወካይ ይጠይቁ።

እርስዎም ፈርሎ ከተደረጉ ለዲሲ ማመልከት ይችላሉ፤ የፌዴራል ሠራተኛም የሚያመለክተው መሥሪያ ቤቱ ባለበት ቦታ ነው። ግን ልዩነቱን አስቀድመው ይወቁት፤ ውዝፉ ሲከፈልዎ የተቀበሉትን ድጎማ ይመልሳሉ። እርስዎ ዘንድ ድጎማው ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነውና ከክሬዲት ካርድ ይሻላል፤ ነገር ግን እንደ ገቢ ቆጥረው ካጠፉት በኋላ የመመለሻ ደብዳቤ ሲመጣ ያስደነግጣል። ፈርሎ ሳይሆን ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ከታዘዙ ግን ሙሉ ሰዓት ስለሚሠሩ በአብዛኛው ድጎማ አይሰጥዎትም፤ ለእንዲህ ዓይነቶቹ የሜሪላንድ ነዋሪዎች በ2025 ክልሉ 700 ዶላር ያለ ወለድ ያበድር ነበርና ያኔ ይጠይቁ። ቤት በተቀመጡበት ጊዜ ሌላ ሥራ መሥራት ከፈለጉ፣ በመዘጋቱም ወቅት የመንግሥት ሠራተኛ የሥነ ምግባር ደንብ ስለሚጸና፣ መሥሪያ ቤትዎ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ በሴፕቴምበር ያረጋግጡ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመልስልዎ ሰው ላይኖር ይችላል።

ወደ ቲኤስፒው እንለፍ። ባለቤትዎ ያቀረቡት ሐሳብ ሁለት ነገር በአንድ ቋጠሮ ይዟልና እንፍታው። «ማውጣት» ማለታቸው የችግር ጊዜ ወጪ ማድረግ ከሆነ አይስማሙ። ዕድሜዎ 59 ዓመት ተኩል ካልሞላ 5,000 ዶላር ሲያወጡ 500 ዶላሩ በቅጣት ይሄዳል፤ በ12 በመቶው የፌዴራል ታክስ እርከን ላይ ከሆናችሁ ሌላ 600 ዶላር ይጨመራል፤ ከዚያ የሜሪላንድና የካውንቲው ታክስ ይከተላል። የወጣው ገንዘብም ተመልሶ አይገባም። እዳ ለመዝጋት ተብሎ ሌላ ኪሳራ መግዛት ይሆናል። «መበደር» ማለታቸው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የቲኤስፒ ብድር ወለዱ ከክሬዲት ካርድ ወለድ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሚከፍሉት ወለድም ወደ ራስዎ ሒሳብ ተመልሶ ይገባል። የካርዳችሁ ወለድ ዛሬ እንደተለመደው ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ፣ የእዳውን መጠን ብቻ ተበድሮ ካርዱን መዝጋት ሊያዋጣ ይችላል። ይህን የምንለው በሁለት ነገር ስንተማመን ነው፤ ካርዱ እንደገና እንደማይሞላና ሥራዎን በቅርብ እንደማይለቁ። ቢለቁና ብድሩን መክፈል ካልቀጠሉ ቀሪው እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ይጠየቅበታል። ለመጠባበቂያ ብሎ ከቲኤስፒ መበደር ግን ትርጉም የለውም፤ በባንክ ሊያስቀምጡት ብለው ከጡረታዎ አይበደሩ።

ብድር ሳይነኩም መጀመሪያ ሌላ በር ያንኳኩ። የፌዴራል ሠራተኞችን የሚያገለግሉ የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ እዚህ ክሬዲት ዩኒየን የምንላቸው፣ በመዘጋት ጊዜ ደመወዛቸው በቀጥታ ለሚገባላቸው አባላት ያለ ወለድ ወይም በጣም በአነስተኛ ወለድ ያበድራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ደመወዙ በማኅበሩ በኩል መግባት የጀመረው ከመዘጋቱ በፊት መሆን አለበት። ስለዚህ አባል ካልሆኑ አሁን ይሁኑ፤ ቢያንስ ከፊል ደመወዝዎን ወደዚያ ያዙሩ። ለካርዱ እዳ ማጠቃለያ የሚሆን ብድርም እዚያው ይጠይቁ፤ ወለዱ ቀነስ ያለ ከሆነ ቲኤስፒውን ጨርሶ መንካት ላያስፈልግ ይችላል። «ዛሬውኑ ገንዘብ እንልካለን» ከሚሉ የኢንተርኔት አበዳሪዎች ግን ይራቁ።

ስለ አከራይና ስለ ቢል የምንለው አጭር ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ መናገር፣ በጽሑፍ መናገር፣ ከተቻለም ከፊሉን መክፈል። የፌዴራል የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ለአከራይና ለአበዳሪ የሚላክ የናሙና ደብዳቤ ያዘጋጃል። በዲሴምበር 2018 ያወጣው ናሙና ተከራዩ በኪራይ ፋንታ ቀለም ቢቀባ ወይም አናጺ ቢሆን የሚል ሐሳብ አስገብቶ መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ ያንን ዐረፍተ ነገር ትተው ቀሪውን ቢጠቀሙበት አይጎዳም። የደብዳቤዎቹን ቅጂ ያስቀምጡ፤ ሥራዎ የደኅንነት ማጣሪያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ እዳው ከእርስዎ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት እንደመጣና ዝም እንዳላሉ የሚያስረዳልዎ እሱ ነው።

ዕቁቡን አያቋርጡ። ምክንያታችን ስሜት አይደለም። በግማሽ መንገድ የሚወጣ ዕቁብተኛ ሌሎቹን ይጎዳል፣ ዋሱን ያስጠይቃል፣ በሚቀጥለው ዙርም የሚቀበለው አያገኝም፤ በባዕድ አገር ያለ ወለድና ያለ ክሬዲት ነጥብ ገንዘብ የምናገኝበትን አንዱን መንገድ በገዛ እጅዎ መዝጋት ይሆናል። ያለፈው ጊዜ ስህተት ዕቁቡን መክፈላችሁ ሳይሆን በክሬዲት ካርድ መክፈላችሁ ነው። ሰብሳቢውን አሁን፣ ሰላም በሆነበት ሰዓት፣ ያነጋግሩ፤ ከዕቁብተኞቹ መካከል የመንግሥትና የኮንትራት ሠራተኞች እናንተ ብቻ እንደማትሆኑ እርግጠኞች ነን። ሦስት ጥያቄ ያንሱ። መንግሥት ሲዘጋ ሥራ የቆመበት ሰው ክፍያው ለተወሰኑ ሳምንታት ይታገሥለት እንደሆነ፣ ዕጣ ያልደረሰው ዕቁብተኛ ተራውን ከሌላ ጋር መለዋወጥ ይችል እንደሆነ፣ እንዲሁም ለሁለታችሁ ሁለት ዕጣ ከገባችሁ ለጊዜው በአንድ መቀጠል ይቻል እንደሆነ። ዕጣ በምትገቡበት ዙር መምረጥ ከቻላችሁም በመስከረም ወይም በጥቅምት እንዲደርሳችሁ ጠይቁ። የደረሳችሁ ጊዜ ካርዱ ካልተዘጋ ለካርዱ ይሁን፤ ከተዘጋ እስከ ኅዳር ሳይነካ ይቀመጥ።

መጠባበቂያውን በተመለከተ፣ «የስድስት ወር ወጪ ያስቀምጡ» የሚለውን የተለመደ ምክር ለእናንተ አንሰጥም፤ እዳ ያለበት ቤት ሲሰማው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የ2025ቱ መዘጋት 43 ቀናት ቆይቷልና ዒላማችሁ የአንድ ወር ተኩል የኪራይ፣ የምግብ፣ የመብራትና የመጓጓዣ ወጪ ይሁን፤ እሱም ከከበደ የባለቤትዎን የስድስት ሳምንት ገቢ ያህል ብቻ ይበቃል። የሚጠራቀምበትም መንገድ አለ። እርስዎ ደመወዝ የሚያገኙት በየሁለት ሳምንቱ ስለሆነ በዓመት 26 ቼክ ይደርስዎታል፤ በዓመት ሁለት ወራት ላይ ሦስት ቼክ ይገባል ማለት ነው። ወርኃዊ ቢሎቻችሁ በሁለት ቼክ የተሰሉ ከሆኑ ሦስተኛው ቼክ ለማንም ቃል ያልተገባበት ነው። በዓመት ከሚገኙት ከእነዚህ ሁለት ትርፍ ቼኮች የመጀመሪያውን ለካርዱ፣ ሁለተኛውን ለመጠባበቂያው ያድርጉት። የታክስ ተመላሽ ከመጣም በዚያው መንገድ ይሂድ።

ለእናትዎ የሚልኩትን ዛሬ አይቀንሱ፤ መንግሥት ሲዘጋ ግን የሚልኩት ገንዘብ ከካርድ በጥሬ ገንዘብ የወጣ እንዳይሆን፣ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራልና። አሁኑኑ ደውለው በጥቅምትና በኅዳር መላኩ ሊዘገይ ወይም ሊያንስ እንደሚችል ይንገሯቸው፤ ከተቻለ በአሜሪካው በጋ ትንሽ ጨምረው ይላኩና ለእነዚያ ሁለት ወራት እንዲያስቀምጡት ያድርጉ። የቤት ኪራይ ወይም የመድኃኒት ወጪ ካለባቸውም አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወይም እህት ለጊዜው እንዲሸፍንና ውዝፉ ሲገባ እንዲተኩለት ከወዲሁ ይስማሙ።